ሰኞ ቢጫ፣ እሑድ ቀይ

በ2019 ነበር (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ለሕክምና ወደ ባንኮክ ሄደው የተመለሱ አንዲት እናት የተረፋቸውን ዶላር ሊመነዝሩ እኔ ከምሠራበት የባንክ መስኮት ፊት ቆሙ። ብሩን እየቆጠርኩላቸው ስለ አገሩ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሰኞ ዕለት ከሐኪም ቤቱ መስኮት ቁልቁል ባይ፣ መንገዱ ሁሉ ቢጫ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። የምን በዓል ነው ብዬ ባስጠይቅ፣ ‹ሰኞ ነው› አሉኝ» አሉና ሳቁ። ያቺ አጭር መልስ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ።

ውድ አንባቢ፣ እኛ ብዙዎቹን ዕለታት በቁጥር እንጠራለን፤ እሑድ አንድ፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ አምስት ማለት ነው። ታይላንዳውያን ግን በሰማይ አካላት ስም ይጠሯቸዋል። ከሕንድ በወረሱት የከዋክብት ትምህርት መሠረት እያንዳንዱ ዕለት ጠባቂ አምላክ፣ አምላኩም የራሱ ቀለም አለው። እሑድ የፀሐይ ነውና ቀይ፣ ሰኞ የጨረቃ ነውና ቢጫ ነው። ማክሰኞ የማርስ ሮዝ፣ ረቡዕ የሜርኩሪ አረንጓዴ፣ ሐሙስ የጁፒተር ብርቱካናማ፣ ዓርብ የቬነስ ሰማያዊ፣ ቅዳሜ የሳተርን ወይን ጠጅ ነው። ረቡዕ ብቻውን ለሁለት ይከፈላል፤ ሌሊቱ ፀሐይንና ጨረቃን ይውጣል የሚባለው የራሁ ነው። ሰውም የተወለደበትን ዕለት ቀለም የራሱ አድርጎ ይይዛል።

እኔ ግጥም ሞካሪ ነኝና፣ ይህ ልማድ በአንድ ገጣሚ ብዕር ውስጥ ማለፉን ሳውቅ ደስ አለኝ። በታላቁ ባለቅኔ በሱንቶርን ፑ (1786–1855) ስም የሚታወቀው «ሳዋስዲ ራክሳ» የተባለው የምክር ግጥም፣ ለጦርነት የሚወጣ መስፍን በየዕለቱ ሊለብሰው የሚገባውን ቀለም ይዘረዝራል። እሑድ በዚያም ቀይ ነው፤ ቅዳሜ ግን ጥቁር፣ ረቡዕም ብርቱካናማ ነው። ዘላለማዊ የሚመስለን ልማድ፣ ለካ እርሱም በዘመናት መካከል ልብሱን ይቀይራል! ዓላማው ግን ግልጽ ነበር፤ ቀለም ሰውን ከክፉ እንዲጠብቅ።

በዘመናችን ልማዱን ያጎላው የንጉሣውያን ልደት ነው። ንጉሥ ፑሚፖን አዱንያዴት ታኅሣሥ 5 ቀን 1927 በዕለተ ሰኞ ተወለዱ፤ ቀለማቸው ቢጫ ሆነ። ንግሥት ሲሪኪት በ1932 ዓርብ ተወለዱ፤ ሰማያዊ ሆነ። በሰኔ 2006 የንጉሡ ስድሳኛ የንግሥና ዓመት ሲከበር የባንኮክ ጎዳና በቢጫ ካናቴራ ተጥለቀለቀ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ቀለሙ ሌላ ጌታ አገኘ። የጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ ተቃዋሚዎች ቢጫን ለብሰው አደባባይ ወጡ። በመስከረም 2006 ጦሩ ታክሲንን ከሥልጣን አወረደ፤ ከዚያ በኋላ ደጋፊዎቻቸው ቀይን መለያቸው አደረጉ። በ2008 ቢጫ ለባሾች የባንኮክን አውሮፕላን ማረፊያዎች ያዙ። በ2010 ጸደይ ቀይ ለባሾች የከተማይቱን እምብርት ይዘው ሰነበቱ፤ ጦሩ ሲበትናቸው በተፈጠረው ግጭት ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። በየትኛውም ወገን መቆጠር ያልፈለገ ሰው ከቁም ሳጥኑ ሸሚዝ ሲያወጣ ማሰብ ግድ ሆነበት። ለጥበቃ የታሰበው ቀለም የሚጠበቁት ነገር ሆነ።

ጥቅምት 13 ቀን 2016 ንጉሡ ሲያርፉ ሁሉም አንድ ቀለም ለበሰ፤ ጥቁር። ጥቁር ልብስ ከገበያ ጠፋ፤ በየጎዳናው ጋን ሙሉ ቀለም እየተፈላ የድኻው ልብስ በነጻ ይነከር ነበር። ቢጫውም ቀዩም እዚያ ገብቶ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በ2019 ልጃቸው ዘውድ ሲጭኑ ቢጫው ተመለሰ፤ እርሳቸውም የሰኞ ልጅ ናቸውና። እኒያ እናት በመስኮት ያዩት ይህንን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እጄ አንዳንዴ ወደ ቢጫው ሸሚዜ ይዘረጋል። ያን ጊዜ የእኒያ እናት ሳቅ ትዝ ይለኛል፤ ‹ሰኞ ነው› ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም የሌለው ልብስ መልበስ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነም አስባለሁ። ስለዚህም እንዲህ ስል ጻፍሁ፦

ቀለም ምን በድሎ፣ ምን አጥፍቶ ጨርቁ፤
ሰዎች ናቸው እንጂ ለጠብ የታጠቁ።