የመተማ ሙጫና የሰንሰለቶች መጋጠም ታሪክ

መተማ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ጦርነት ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው በዚያው ቆላ የሚገኘውን የግራር ሙጫ ነው፤ በውስጡ ያለው የሰንሰለቶች መጋጠም የኬሚስትሪ ሊቃውንት ዘግይተው ከደረሱበት ጥበብ ጋር ይመሳሰላልና።

የመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍም ሙጫ የሚሰጥ ግራርም ያበቅላል። ሱዳኖች ሐሻብ የሚሉት ሙጫ በአብዛኛው እርስ በርሳቸው የተያያዙ የስኳር ቅንጣቶች ሰንሰለት ነው፤ ከመቶ 2 እጅ ያህሉ ግን ፕሮቲን ነው። ከሙጫው ከመቶ 10 እጅ በሚሆነው ክፍል የስኳሩ ሰንሰለቶች ከፕሮቲን ሰንሰለት ጋር ተጋጥመው ይገኛሉ። ስኳሩ ውሃን ይወዳል፤ ፕሮቲኑ ዘይትን ይይዛል። ስለዚህ ሙጫው ዘይት በውሃ ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ ያደርጋል፤ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎችም የሚፈልጉት ለዚሁ ነው። ብዙ ሰዓት ቢፈላ ግን ፕሮቲኑ ይበላሽና ኃይሉ ይቀንሳል።

ይህን ለመረዳት አስቀድሞ ረጅም ሰንሰለት መኖሩ መታመን ነበረበት። ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር ሐሳቡን በ1920 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ብዙዎች ተቃወሙት፤ በ1953 ግን የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1956 ሚካኤል ሽቫርትስ ጫፉ ሳይሞት የሚቆይ ሰንሰለት ሠራ፤ በጫፉም ላይ ሌላ ዓይነት ቅንጣት ቀጥሎ ሁለት ባሕርይ ያለውን ሰንሰለት፥ ማለት ብሎክ ኮፖሊመርን አስገኘ። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ውሃና አየር ፈጽሞ እንዳይገባ ይሻል፤ ሁሉንም ዓይነት ቅንጣትም አይቀበልም።

ሁለተኛው መንገድ ለየብቻ የተሠሩትን ሰንሰለቶች በብረታ ብረት ካታሊስት ማጋጠም ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የሻርፕለስና የሜልዳል ቡድኖች፥ በየፊናቸው፥ መዳብ አዛይድና አልካይን የሚባሉትን ክፍሎች በቀላሉ እንደሚያገናኝ አሳዩ። የአንዱ ሰንሰለት ጫፍ አዛይድ፥ የሌላው አልካይን ቢይዝ መዳቡ ሁለቱን ያቆራኛል፤ ራሱ ግን አያልቅም። ችግሩ ሁለት ነው፤ ይኸውም ጫፎቹ በረጅሙ ሰንሰለት ውስጥ ጥቂት በመሆናቸው ሳይጋጠም የሚቀር አለ፤ የመዳቡም ርዝራዥ ተጣርቶ መውጣት አለበት።

እንግዲህ ሰው በመዳብ የሚደክምበትን መጋጠም ግራሩ በሕያው ሕዋሱ ይፈጽመዋል። ሙጫው በክብደት ብቻ ሲሸጥ ግን ዋጋው ያለበት መጋጠሚያ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ የመተማን ሙጫ የሚያጠና ተማሪ ስንት ኪሎ እንደተለቀመ ብቻ ሳይሆን፥ ሰንሰለቱ ሳይበላሽ ገበያ መድረሱንም መመርመር ይገባዋል እንላለን።