ተሰላፊነት፦ ባለሙያው ስንት ቀን ይገኛል?

መስከረም ጠብቶ የመተማ ሰሊጥ ከሥሩ ወደ ላይ ቢጫ መሆን ሲጀምር ባለእርሻው እንቅልፍ ያጣል። ቀድሞ ቢያሳጭድ ፍሬው አልሞላም። ቢዘገይ ደግሞ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ደርቆ አፉን ይከፍትና ዘሩ ዋልካው ላይ ይረግፋል፤ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ አይለቀምም። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ ማጭድ ይዘው ከደጋ በወረዱ ወጣቶች ይሞላሉ። ባለእርሻውም በመካከላቸው እየተዘዋወረ ሰው ይመርጣል።

ሲመርጥ ሁለት ነገር ይመዝናል። አንደኛው እጅ ነው፦ ማን ፈጥኖ ያጭዳል? ነዶውንስ ሳያራግፍ አስሮ የሚያቆም ማን ነው? ይህን በግማሽ ቀን ማየት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ጠይቆ ነው የሚደርስበት። «ወንድሜ፣ አምና የት ሠራህ? እስከ መጨረሻው ቆየህ ወይስ ወባ መለሰህ?» ይላል። በአሥረኛው ቀን ትኩሳት ይዞት የሚተኛ ሰው ምንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን የቀረውን ማሳ አያጭድለትም።

ለመጀመሪያው መለኪያ አማርኛችን ቃል ሞልቶታል፦ ችሎታ፣ ብቃት፣ ሙያ፣ ቅልጥፍና። ለሁለተኛው ግን እንደ ችሎታ በአንድ ቃል የምንጠራው ስም አላገኘንለትም። የስፖርት ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ «አቬይለቢሊቲ» ይሉታል። እኔ «ተሰላፊነት» እንድንለው እጠይቃለሁ።

ተሰላፊነት ማለት አንድ ሰው በተፈለገበት ቀን፣ አካሉ ደህና ሆኖ፣ ሥራው ቦታ ላይ የመገኘት ዕድሉ ነው።

ቃሉን ከባዶ አልፈጠርኩትም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ቋሚ ተሰላፊ»፣ «በጉዳት ምክንያት አይሰለፍም» እያሉ በየሳምንቱ ይጠቀሙበታል፤ የፋሲል ከነማ ደጋፊም ከጨዋታ በፊት «ዛሬ ማን ይሰለፋል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በመጽሐፍ አማርኛ ሰልፍ ጦርነትም ነውና፣ ተሰላፊ ማለት ቀኑ ሲደርስ ከወገኑ ጎን የሚቆም ሰው ነው። ሌሎች ቃላትንም ሞክሬያለሁ። «ጽናት» የመንፈስ ነገር ነው፤ ጅማቱ የተበጠሰን ሰው ጽናት የለውም ብንል እንበድለዋለን። «ጤንነት» በጣም ሰፊ ነው። «ዝግጁነት» ፈቃደኝነትንና ልምምድን ይጠራል እንጂ የአካልን ዕጣ አይነግረንም። አደባባይ ለሚወጣውም ሰው «ሰልፈኛ» የሚል የራሱ ቃል ስላለው ተሰላፊነት ከዚያ ጋር አይምታታም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። ለምሳሌ ያህል፣ የሃያ ቀን አጨዳ ይቀረናል እንበል። አንዱ በቀን 40 ነዶ ያጭዳል፤ ነገር ግን 12 ቀን ሠርቶ ይታመማል። ሌላው በቀን 30 ብቻ ነው፤ ግን 19 ቀን ይሠራል። የመጀመሪያው 480፣ ሁለተኛው 570 ነዶ ያስገባል። ሒሳቡ ግን በዚህ አያበቃም። የታመመውን የሚተካ ሰው በአጨዳ መሐል መፈለግ አለ፤ ያኔ ደግሞ ሰው ጠፍቶ የቀን ሒሳቡ ንሯል። ስለዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ እሱ በቀረበት ቀን ቦታውን ማን ይይዛል? በስንትስ?

ይህን ሚዛን ሰዎች በትልቅ ገንዘብ የሚፈተኑበት አንድ ስፖርት አለ፤ የአሜሪካኖቹ ቤዝቦል። በዚህ ጨዋታ ከሜዳው መሐል ቆሞ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች «ፒቸር» ይባላል፤ ወርዋሪ እንበለው። ፈጣኑ ውርወራ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። እያንዳንዱ ውርወራ በክርን ውስጠኛ ጎን ያለችውን አንዲት ጠባብ ጅማት ይወጥራታል። ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ በአምስትና በስድስት ቀን አንዴ ብቻ የሚሰለፈው ለዚህ ነው፤ በ162 ጨዋታ የውድድር ዘመን ውስጥ ደህና የሆነው ሰው 30 ጊዜ ያህል ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ ያች ጅማት ከተበጠሰች የወርዋሪው ዘመን አከተመ ማለት ነበር። በዚያ ዓመት ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላ የአካሉ ክፍል ጅማት ወስደው የወርዋሪውን የቶሚ ጆንን ክርን ጠገኑ። ቶሚ ጆን በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ጉዳት የዕድሜ ልክ ፍርድ መሆኑ ቀርቶ ውል ውስጥ የሚሰላ ዕዳ ሆነ፤ ጅማቱ የተተካለት ወርዋሪ ወደ ሜዳ ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታልና።

የዋሽንግተን ናሽናልስ ቡድን ሁለት ውሎች ይህን ቃል ከማንኛውም ትርጓሜ በላይ ያስረዳሉ። ቡድኑ በ2015 ለማክስ ሸርዘር የሰባት ዓመት የ210 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ሸርዘር ያኔ 30 ዓመቱ ነበር፤ ብዙዎች ለወርዋሪ ይህን ያህል ዓመት መስጠት ድፍረት ነው አሉ። እሱ ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ ከ30 ጨዋታ በላይ ጀመረ፤ በ2016 እና በ2017 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸለመ፤ በ2019 ቡድኑ ዋንጫ አነሳ። በዚያው የፍጻሜ ውድድር የላቀው ተጫዋች የተባለው ደግሞ የቡድን ጓደኛው ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር። ድሉ ገና ሳይቀዘቅዝ እሱም ሰባት ዓመት ፈረመ፤ 245 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ በኋላ የተሰለፈው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራረበበትና በ2024 ጡረታ ወጣ። ሁለቱም ችሎታቸው አላጠያየቀም፤ ውላቸውን የለያየው ተሰላፊነት ነው።

ይሁን እንጂ ተሰላፊነትን ብቻ የሚመዝንም ይሳሳታል። ወርዋሪው ጄኮብ ዲግሮም በ2021 እና በ2022 አዘውትሮ ቢጎዳም ቴክሳስ ሬንጀርስ በ34 ዓመቱ የአምስት ዓመት የ185 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። በ2023 ስድስት ጨዋታ ጀምሮ የክርኑ ጅማት ተቀደደ። ቡድኑ እነዚያን ስድስቱንም አሸንፎ ነበር። በ2025 ግን 30 ጊዜ ተሰለፈ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ የሚያሳየው ነገር ሲጠፋ የሚያጎድለውን ይክሳል ወይ የሚለው የእያንዳንዱ ቡድን ሒሳብ ነው። ሚዛኑ ሁለት ሳህን ያለው ለዚህ ነው።

እኛም ይህን ዕጣ በራሳችን ልጅ አይተነዋል። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 የ5,000 ሜትርን፣ በ2005 የ10,000 ሜትርን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2008 ቤጂንግ፣ በ2009 በርሊን ላይ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ። ከዚያ በ2010 ባቱ ተጎዳ፤ ሁለት የውድድር ዘመን ያህል ከሜዳ ራቀ። ሲመለስ በ2011 ዴጉ ላይ የ10,000 ሜትሩን ውድድር አቋርጦ ወጣ፤ በ2012 ለንደን ላይ አራተኛ ሆነ። ማራቶን ከጀመረ በኋላም ጉዳቱ አልለቀቀውም። ግን በ2019 በርሊን 2:01:41 ሲገባ ከዓለም ክብረ ወሰን የዘገየው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። በ2020 ለንደን ላይ ሁሉም ሲጠብቀው ባቱ እንደገና አስቀረው። ያኔ «ቀነኒሳ አበቃለት» ያሉ ነበሩ። ቃሉ ቢኖረን ኖሮ በትክክል እንናገር ነበር፦ የወረደው ተሰላፊነቱ ነው፤ ችሎታው ቦታው ላይ ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው በጉዳት የተኛን ጀግና ሰነፍ ይለዋል።

ይህን ቃል የምፈልገው ግን ከዚህም በላይ ለሆነ ጉዳይ ነው። ተሰላፊነት ሰውየው ከእናቱ ማህፀን ይዞት የሚወጣው ዕድል ብቻ አይደለም፤ አሠሪው የሚጨምረውና የሚቀንሰው ነገር ነው። የቤዝቦል ቡድኖች ይህን አውቀው የውርወራ ብዛት ይቆጥራሉ፣ ዕረፍት ይሰጣሉ። ውሉም ራሱ ስጋቱን ማን እንደሚሸከም ይወስናል። በዚያ ሊግ የተጎዳ ተጫዋች ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ስትራስበርግ ባይሰለፍም ውሉ አልተሰረዘም። ስጋቱን የተካፈሉም አሉ። ቦስተን ሬድሶክስ በ2009 መጨረሻ ወርዋሪውን ጆን ላኪን ለአምስት ዓመት ሲያስፈርም፣ በክርን ጉዳት ረጅም ጊዜ ከቀረ ቡድኑ በሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ አንድ ዓመት እንዲጨምር መብት የሚሰጥ አንቀጽ ገባ። የክርኑ ጅማት ተቀደደ፤ የ2012ን ዘመን በሙሉ አጣ፤ በ2015ም በዚያ ዝቅተኛ ደመወዝ ተሰለፈ።

ወደ ዋልካው ልመለስ። በመተማ ቆላ የሰሊጥ ሠራተኛውን የሚጥሉት ወባና ካላዛር ናቸው። ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች፤ የምትነክሰውም ማታና ሌሊት ነው። ሠራተኛው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ደግሞ እዚያው ግራር ሥር፣ ሜዳ ላይ ነው። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። የዕለት ሠራተኛ ውል አንቀጽ የለውም፤ የታመመ ዕለት ሒሳቡ ይዘጋል። ሙሉውን ስጋት የሚሸከመው ከሁሉም ያነሰ የሚከፈለው ሰው ነው።

አጎበር የሚያድል፣ ማደሪያውን ከግራሩና ከስንጥቁ የሚያርቅ፣ ትኩሳት የጀመረውን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ባለእርሻ ምጽዋት እየሰጠ አይደለም፤ ተሰላፊነት እየገዛ ነው። ለአጎበር ያወጣው ገንዘብ በአጨዳ መሐል ተተኪ ፍለጋ ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ የቱ እንደሚበልጥ ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ «እስከ መጨረሻው ቆየህ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሁለተኛ ጥያቄ ሊከተለው ይገባል። እርሱን የሚጠይቀው ግን ማጭዱን የያዘው ልጅ ነው፦ «ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው እንድቆይ ማታ የት ታሳድረኛለህ?»