የሞተር ጎማ

«ጎማ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ላስቲክም የመኪና ጎማም ማለት ነው። መካኒኩ የሞተሩን ማለቱ ሆኖ «ጎማው አልቋል» ሲለው የጄጁ ወረዳዋ የአርቦዬ ከተማ ባለመኪና ጎንበስ ብሎ የመኪናውን እግሮች ቢያይ አይፈረድበትም።

የሞተር ጎማ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ፣ በብረትና በብረት መሀል የተጣበቀ ላስቲክ ነው፤ ንዝረትን ይውጣል። በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ሲንጠባጠብበት ይልፈሰፈሳል። ያኔ መኪናው በሚኒሞ እንደቆመ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ማርሽ ሲገባ ከኮፈኑ ስር «ጓ!» ይላል። የጄጁ ኮረኮንች ደግሞ ያባብሰዋል። ከመነዳሪ ቆርጦ መጠቅጠቅ (የታወቀች ዘዴያችን!) ድምፁን ለጊዜው ቢያፍን ነው። አንዱ ሲያልቅ ጭነቱ ወደ ቀሪዎቹ ስለሚሄድ ሁሉንም ማስፈተሽ ይበጃል፤ ዘይት የሚያፈሰው ቦታ ግን አስቀድሞ ይደፈን።