አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለት ኔትወርክና የእኛ የይለፍ ቃል

በየዓመቱ ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23፣ ሲቃረብ ቡቲዬና ሞያሌ ከተማ ያሉት ሳይበር ቤቶች በሰው ይጨናነቃሉ። ያ ቀን በኬንያ የዓመት ገቢ የሚታወቅበት የመጨረሻ ቀን ነው። እኛም ለዓመታት እዚያ ሰልፍ ላይ ቆመናል። የግብር ቁጥራችንንና የይለፍ ቃላችንን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ለልጁ እንሰጠዋለን። እሱ ይሞላል፣ እኛ እንከፍላለን፣ ወረቀቷ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቀራለች።

አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዷ የግብር ክሊራንስ ስትጠይቅ፣ ለሁለት ዓመት «ገቢ የለም» ተብሎ እንደተሞላላት አወቀች። በእነዚያ ዓመታት ግን ቦሎቄ ስታሻግር ነው የከረመችው። የሞላላት ልጅ ክፋት አስቦ አልነበረም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ባዶ ቅጽ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ማስተካከሉና ቅጣቱ ግን በእሷ ላይ ወደቀ። የራሳችን ላፕቶፕና የራሳችን መስመር ያስፈልገናል ያልነው ያን ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ መስመሩ ድንበራችን ላይ እንዴት እንደደረሰና አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንዴት እንደገባ ይተርካል። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ከመስመሩ በፊት ወሬ የሚያመጣልን ሹፌር ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ሳይዘረጋ በፊት የጭነት መኪና አቧራውንና ጭቃውን ለማለፍ ቀናት ይፈጅበት ነበር። ናይሮቢ ላይ የቦሎቄ ዋጋ እንደወረደ የምንሰማው የእኛ ጭነት ከሄደ በኋላ ነው። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ከሰረ!

ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ፣ በሁለት ዓይነት መንገድ መጣ። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት በ1997፣ ሞባይል ደግሞ በ1999 ተጀመረ። ሁለቱንም የሚሰጠው የመንግሥቱ ቴሌ ብቻ ነበር። በኬንያ ሳፋሪኮም በ1997 ተቋቋመ፤ በ2000 ቮዳፎን ባለድርሻ ሆነበት፤ ሌላ ተፎካካሪም ገበያው ውስጥ ገባ። በማርች 2007 ኤም-ፔሳ ሲጀመር ብር በመቀነት አስሮ መሄድ እየቀረ መጣ። በ2009 የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ። ከዚያ በፊት የኬንያ ኢንተርኔት ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በሳተላይት ስለነበር ውድም ቀርፋፋም ነበር።

የሁለቱ አገር ልዩነት በዋጋ ብቻ አላበቃም፤ ሞደሙ ሆድ ውስጥም ገባ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ቴሌ ለላፕቶፕ ያቀርበው የነበረው ገመድ አልባ ኢንተርኔት ሲዲኤምኤ በሚባለው ቴክኖሎጂ የሚሠራ ነበር። የኬንያው የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ከጂኤስኤም የመጣው ስሪጂ ነው። የአዲስ አበባ ዘመድ የላከልንን የሲዲኤምኤ ሞደም ይዘን ቡቲዬ ላይ የኬንያ ሲም ብንፈልግለት ምንም አልሆነም። የተበላሸ መስሎን የጣልነው ነበር፤ አልተበላሸም። ሁለቱ የማይግባቡ ቋንቋዎች ናቸው። የሚደወልበት ቁጥር እንኳ አንድ አልነበረም፤ ለስሪጂ *99#፣ ለሲዲኤምኤ #777።

እኛ ላፕቶፕ የገዛነው በእቁብ ነው። ናይሮቢ፣ ሉቱሊ ጎዳና ላይ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጭኖበት መጣ። ስልክ እያለ ለምን ላፕቶፕ ትሉ ይሆናል። አይታክስ የሚባለው የኬንያ የግብር ሥርዓት በኢንተርኔት ሲሆን፣ ገቢ የሚሞላበት ቅጽ በኤክሴል የተሠራ ፋይል ነበር። በውስጡ ራሱን የሚያሰላና ስህተት የሚያጣራ ፕሮግራም አለው። ያ ፕሮግራም በስልክ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ስልካችን ምን ቢዘምን ለዚያ ሥራ አሮጌው ላፕቶፕ ይበልጠው ነበር።

መጀመሪያ ያታለለን የሲም ቀዳዳው ነው። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ባትሪው ሲወጣ ከሥሩ የሲም ማስገቢያ አላቸው። ሲም ከተን ጠበቅን፤ ጠበቅን። ለካ ፋብሪካው ቀዳዳውን ለሁሉም ላፕቶፕ ይሠራል፣ ሞደሙን ግን ከፍሎ ላዘዘ ብቻ ነው የሚያስገባው። የእኛ ቀዳዳ ባዶ ቤት ነበር።

ቀጥሎ በዩኤስቢ የሚሰካውን ሞደም፣ ዶንግል የምንለውን ገዛን። ስንሰካው ላፕቶፑ ሲዲ የገባበት መሰለው። ይህ ብልሽት አይደለም። እነዚህ ሞደሞች የራሳቸውን ፕሮግራም በሆዳቸው ይዘው ስለሚመጡ መጀመሪያ እንደ ሲዲ ይታያሉ። ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ «አሁን ሞደም ሁን» ብሎ ያዛቸዋል። ፕሮግራሙ ላፕቶፑ ላይ አልጫን ካለ ሞደሙ ሲዲ እንደመሰለ ይቀራል። የድሮ ላፕቶፕ የዩኤስቢ ኃይልም ሁልጊዜ አይበቃም። እንደ ሁዋዌ ኢ220 ያሉት ሞደሞች ሁለት ራስ ያለው ገመድ ይዘው የመጡት ለዚህ ነው፤ ሁለቱንም መሰካት ያስፈልጋል። እኛ አንዱን ራስ ትርፍ ነው ብለን ጠቅልለን አስቀምጠነው ነበር።

ከዚያ ኤፒኤን የሚሉት መጣ። ኤፒኤን ማለት ሲሙ በየትኛው በር ወደ ኢንተርኔት እንደሚገባ የሚነግር ስም ነው። አንድ ፊደል ቢሳሳት ኔትወርኩ ሙሉ እያሳየ አንድም ገጽ አይከፈትም። በኬንያው ሲም የኩባንያው ስም ራሱ፣ ሳፋሪኮም፣ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ይጻፋል። የኢትዮጵያው «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ነው። ኢቲሲ የድሮው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ምሕጻረ ቃል ነው። ኮርፖሬሽኑ በ2010 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ ስሙ ቢቀየርም፣ የድሮው ስም በሩ ላይ እንደተጻፈ ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ግን የቀን ጉዳይ ነው። መስመሩ ገባ፣ ተራ ገጾች ተከፈቱ፤ የግብሩና የባንኩ ገጾች ግን «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ መለሱን። ኔትወርኩን ረገምን፣ ሲም ቀየርን፣ ባንድል ጨመርን። ችግሩ ሌላ ነበር። ከእኛ አንዷ ላፕቶፑን ስታስተካክል ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልታዋለች፤ ላፕቶፑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ሁሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የማረጋገጫ ሰነድ አለው። ላፕቶፑ በራሱ ቀን ሲያስበው ሰነዱ ገና አልተሰጠም! ቀኑን ስናስተካክል ሁሉም ተከፈተ። በኋላም ቀኑ በየጠዋቱ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር፣ ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ እንዳለቀች አወቅን። የባትሪዋ ዋጋ ከአንድ ቀን የሳይበር ክፍያ አይበልጥም።

በኤፕሪል 2014 ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ገጾቹ እየዘመኑ ሲሄዱ የእኛ ላፕቶፕ አንድ በአንድ እየተዘጋበት መጣ። የመሣሪያው አቅም ግን አልሞተም ነበር። አንድ ተማሪ ልጃችን ሊኑክስ ጫነለት። እዚያ ላይ ሞደሙን ከሲዲነት ወደ ሞደምነት የሚቀይር ፕሮግራም አለ። የኔትወርክ ማስተካከያውም መጀመሪያ አገሩን፣ ቀጥሎ ኩባንያውን አስመርጦ ኤፒኤኑን በራሱ ይሞላዋል። ለሁለት ሳምንት የታገልንበት ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ።

የራስ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ ያየነው በ2020 ነው። በኮቪድ ምክንያት ሰው እንዳይሻገር ድንበሩ ተዘግቶ ነበር። የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ደግሞ ከጁን 30 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። አጋጣሚ ሆኖ ቀኑ የእኛም የግብር ቀን ነበር። ሞገድ ግን ኬላ አያውቅም። ከወዲያ ማዶ ድንበሩ አጠገብ ያሉ የንግድ ወዳጆቻችን የኬንያ ሲም አስገብተው የእኛን ኔትወርክ ይይዙ ነበር። የደረሰኝና የጭነት ወረቀት ፎቶ ይልኩልናል፤ እኛ በላፕቶፑ አስተካክለን ናይሮቢ ላለው ገዢ እናስተላልፋለን። የኔትወርክ ድንበር ለእኛ ስንት ጊዜ መከራ እንደሆነብን ተናግረናል፤ ያን ሰሞን ግን ሁለት ኔትወርክ ያለው ከተማ መሆናችን ንግዳችንን አተረፈልን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። በዲሴምበር 2020 የሞያሌ የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ ተመረቀ። በሜይ 2021 ቴሌብር ተጀመረ። ሳፋሪኮም ራሱ ኢትዮጵያ ገብቶ በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ጀመረ፤ በኦገስት 2023 ኤም-ፔሳንም አስከተለ። ዶንግላችን አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተን የስልኩን ኢንተርኔት እናካፍለዋለን፤ ገመዱ ዋይፋዩ ለሞተ ላፕቶፕም ይሠራል፣ ስልኩንም ቻርጅ ያደርጋል። አዲስ ዊንዶውስ ያላቸው እህቶች ግን መስመሩን «ሚተርድ» ብለው ያስተካክሉት፤ አለዚያ ማሻሻያውን እያወረደ ባንድሉን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

የድንበራችን የኢንተርኔት ታሪክ ሲነገር ታወሩ መቼ ተተከለ፣ ፍጥነቱ ስንት ሆነ ይባላል። ለእኛ ግን ታሪኩ የተለወጠው የይለፍ ቃላችንን በብጣሽ ወረቀት መስጠት ያቆምን ቀን ነው። ቦሎቄ ያሻገረችው እህታችን ዛሬ ቅጿን ራሷ ትሞላለች፤ ቁጥሩ ሲሳሳት ራሷ ታየዋለች፣ ራሷ ታርመዋለች። ላፕቶፑ ለመነሳት አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። እስኪነሳ ቡና እናፈላለን።

እቤታችሁ የተጣለ ላፕቶፕ ካለ ሳትሸጡት በፊት ቀኑን እዩት፣ ትንሿን ባትሪ ቀይሩለት፣ በገመድ ከስልካችሁ ጋር ሞክሩት። ከሰኔ 23 በፊት ነው ታዲያ፤ በዋዜማው አይደለም።