መንጠቆ ማስከተል፦ ለ«ትሮሊንግ» የሚስማማ የአማርኛ ስያሜ

መንጠቆ ማስከተል በዝግታ ከሚጓዝ ጀልባ ኋላ አንድ ወይም ብዙ ክር ለቅቆ ዓሣ የማጥመድ ዘዴ ነው። በክሩ ጫፍ ያለው ማባበያ ውኃ ውስጥ እንደ ትንሽ ዓሣ እየተርገበገበ ጀልባውን ይከተላል፤ አዳኙ ዓሣ ደግሞ ማባበያውን ይከተላል። እንግሊዞች «ትሮሊንግ» ይሉታል። ዳር ቆሞ መንጠቆ የሚወረውር ወይም መረብ ዘርግቶ የሚያድር አጥማጅ ዓሣው እስኪመጣ ይጠብቃል። መንጠቆ አስከታይ ግን ራሱ ፍለጋ ይወጣል። ማዶው በማይታይ ሐይቅ ላይ ዓሣው የት እንደዋለ ስለማይታወቅ፣ ብዙ ውኃ ማሰስ የሚችል ዘዴ ያስፈልጋል።

የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ አንባቢን ያሳስታል። «ትሮውሊንግ» የሚባል ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱ እንደ ከረጢት የተሰፋ ትልቅ መረብ በመርከብ እየጎተቱ ዓሣን በጅምላ ማፈስ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ በአጻጻፍም በትርጉምም ይለያያሉ፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ግን ሊምታቱ ምንም አይቀራቸውም። አንዱ ሰው በመዝናኛ ጊዜው ሁለት ሦስት ዓሣ የሚያወጣበት፣ ሌላው የባሕርን ወለል የሚጠርግበት ስለሆነ መምታታቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚያ ላይ «ትሮል» የሚለው ቃል በማኅበራዊ ሚዲያ ሰው ለማናደድ ሆን ብሎ የሚተነኩስ ማለት ሆኖ ተለምዷል። ይህ አጠራር ራሱ ከአጥማጆቹ ቃል ጋር ይያያዛል፤ ተንኳሹ ማባበያ ጥሎ የሚነክስለትን ይጠብቃልና። በኋላ ከሰሜን አውሮፓ ተረት ጭራቅ ስም ጋር ተቀላቅሏል።

«መጎተት» የሚለው ግስ ቀድሞ ወደ አእምሮ ይመጣል፤ ነገር ግን ጉተታ ክብደትንና ጉልበትን ስለሚያሳስብ ለመረቡ ሥራ ቢተው ይሻላል፤ ያኛው «ተጎታች መረብ» ቢባል በቂ ነው። ለመንጠቆው የሚስማማው ማስከተል ነው። በሲቲ ዞን፣ በአዲጋላ ዙሪያ ባለው ደረቅ ሜዳ፣ የጭነት ግመሎች አንዱ ከሌላው ጋር በገመድ ተያይዘው ሲሄዱ ያየ ሰው የቃሉን ስሜት ወዲያው ያገኘዋል። ፊተኛው ሲፈጥን ኋለኛው ይፈጥናል፤ ፊተኛው ሲዞር የኋላው ሰልፍም ቅስት ሠርቶ ይዞራል። ክሮቹም ከጀልባው ኋላ የሚሆኑት እንዲሁ ነው። ማስከተል ብቻውን ሲቆም ግን «ድርቁ ረሃብ አስከተለ» እንደሚባለው መዘዝ ማምጣት ስለሚሆን «መንጠቆ» ከፊቱ መቅረት የለበትም። አጥማጁ መንጠቆ አስከታይ፣ ጀልባውም አስከታይ ጀልባ ይባላል።

የሥራው ምሥጢር በፍጥነትና በጥልቀት ላይ ነው። ሳልመንና ትራውት ለሚባሉት ዓሦች ጀልባው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የሰው እርምጃ ያህል ማለት ነው። ማባበያው ብዙ ጊዜ ማንኪያ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም በዓሣ ቅርጽ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። በጣም ከዘገየ ሕይወት ያጣል፤ በጣም ከፈጠነ ይሽከረከርና ዓሣውን ያስደነግጣል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ቀጥ ብለው አይነዱም፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ጀልባው ሲዞር በውጭ በኩል ያለው ክር ፈጥኖ ከፍ ይላል፤ በውስጥ በኩል ያለው ዘግይቶ ይሰምጣል። ዓሣው የነከሰው በየትኛው ላይ እንደሆነ ሲታይ የዚያ ቀን ፍላጎቱ ፍጥነት ይሁን ዝግታ ይታወቃል።

ጥልቀቱን የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው። በብርድ አገር ጥልቅ ሐይቅ በበጋ ላዩ ሲሞቅ ከታች ያለው ውኃ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። ሳልመንና ትራውት የአንድ ቤተሰብ ዓሦች ናቸው፤ ሁለቱም ቀዝቃዛና ኦክስጅን የሞላበት ውኃ ይወዳሉ፤ ብዙዎቹ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለውን ንብርብር ይመርጣሉ። ያ ንብርብር 20 ወይም 30 ሜትር ሲወርድ ቀላል ማባበያ በራሱ አይደርስበትም። ስለዚህ አስማጭ ይጠቀማሉ። ከጀልባው ኋላ በተተከለ ጥቅልል ላይ ጠንካራ ሽቦ ይጠመጠማል፤ በሽቦው ጫፍ ከ4 እስከ 6 ኪሎ የሚመዝን ክብደት ይንጠለጠላል። የማጥመጃ ዘንጉ ክር በመቆንጠጫ ይያዝና ከክብደቱ ጋር በተፈለገው ልክ ይወርዳል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቃል፤ አጥማጁም ከዓሣው ጋር ብቻ ይታገላል። ዓሣው ከላይ በሆነበት ወቅት ደግሞ የጀልባው ድምፅ እንዳያሸሸው፣ ክሩን ወደ ጎን ወስዶ የሚያርቅ ተንሳፋፊ ሳንቃ ያስራሉ።

ዘዴው በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ የገነነበት ታሪክ ብዙ ያስተምራል። የሚሺገን ሐይቅ ስፋት 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣና ከ15 እጥፍ በላይ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከውቅያኖስ በኩል የገባው ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ ዓሣ፣ ከመጠን ያለፈ ማጥመድም ተጨምሮ፣ የሐይቁን ትራውት አመናመነው። አዳኙ ሲጠፋ አልዋይፍ የሚባል ትንሽ መጤ ዓሣ ሐይቁን ሞላው፤ እየሞተም በየዳርቻው ይከመር ነበር። የሚሺገን ግዛት የዓሣ ባለሙያዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወገን የመጣውን ኮሆ ሳልመን፣ በሚቀጥለው ዓመትም ቺኑክ ሳልመንን ለቀቁበት። አልዋይፉ ለሳልመኖቹ ቀለብ ሆነ፤ በየወደቡ አስከታይ ጀልባዎች ተሰለፉ፤ መንጠቆ ማስከተል መዝናኛም መተዳደሪያም ሆነ። ሐይቁ ግን ወደ ቀድሞ ተፈጥሮው አልተመለሰም። አንድን መጤ በሌላ መጤ መቆጣጠር ያስከተለው ጥገኝነት እስከ ዛሬ አለ፤ አልዋይፉ ሲቀንስ ሳልመኑም ይቀንሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሳልመን የለም፤ ትራውት ግን አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ በዲንሾ አካባቢ ያለው የዌብ ወንዝ በዚህ ይታወቃል። ቀጭን የደጋ ወንዝ ስለሆነ ግን ጀልባ አያስነዳም፤ አጥማጁ ከዳር ቆሞ ነው ክር የሚወረውረው። ዓሣው አለ፤ መንጠቆ ማስከተያ ስፋት የለም።

ስፋቱ ያለው ጣና ላይ ነው፤ በዚያ ግን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ነፋስ ውኃውን ከላይ እስከ ታች ስለሚያማስለው አስማጭ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ንብርብር እምብዛም አይገኝም። ቢሆንም ከሳልመን ጋር የሚመሳሰል ፍጥረት አለበት። ላቤዮባርበስ በሚል የሳይንስ ስም የሚጠሩት የጣና ዓሦች 15 ያህል ዝርያ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። ይህ እነዚህ ዓሦች በሚመደቡበት ቤተሰብ ዘንድ ብርቅ ነው፤ መንጋጋቸው ጥርስ የለውምና። ብዙዎቹ እንደ ሳልመን በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። መረብ የወንዞቹን አፍ ሲዘጋባቸው የሚመናመኑትም ለዚህ ነው፤ ከመረቡ ይልቅ አንድ አንድ እየመረጠ የሚይዘው መንጠቆ ለእነርሱ የተሻለ ምሕረት አለው።

ለዘዴው ይበልጥ የሚመቸው የአርባ ምንጩ ጫሞ ሐይቅ ነው። በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው የናይል ፐርች ከአንድ ሰው ክብደት በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ትንንሽ ዓሣ ማሳደድ የሚወድ አዳኝ ነው። ይኸው ዓሣ በቱርካናና በቪክቶሪያ ሐይቆች መንጠቆ በማስከተልም ይታደናል። ጫሞ አዞና ጉማሬ የበዛበት ስለሆነ፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ ከማጥመድ በጀልባ ሆኖ ማስከተል የተሻለ ነው።

ለአዲጋላ ሰው ግን ከእነዚህ ሐይቆች ይልቅ ባሕሩ ይቀርበዋል። ባቡሩ አዲጋላን አልፎ፣ በደወሌ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ሲደርስ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። በዚያ የሚወጡ የመዝናኛ ጀልባዎች ለቱናና ለባራኩዳ መንጠቆ ያስከትላሉ። የባሕር ዓሣ ፈጣን ስለሆነ ጀልባዎቹ ለሳልመን ከሚነዳው ይልቅ ይፈጥናሉ፤ ማባበያውም ብዙ ጊዜ ከውኃው ገጽ ብዙ አይርቅም።