40 ኪሎባይት

ትንሿ ላፕቶፕ አሱስ ኢ ፒሲ 701 በ2007 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ማከማቻዋ 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ቆሻሻ ይሏታል፤ እኔ ግን ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫንኩባት፣ በቪጂኤ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘኋት፣ ጆይስቲክ ሰካሁላት። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብሮስ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነውና ቦታ ሞልቷታል!

የጌሙ ሠሪዎች፣ የኒንቴንዶ ባለሙያዎች፣ በዚያ 40 ኪሎባይት ጠባብ ቦታ የሠሩት ሥራ ዛሬም ያስደንቀኛል። ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለየው ቀለማቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቁጠባ ክብር ይገባዋል።

አሮጌ ጌሞችን በኮምፒውተር የማስነሳቱን ሥራ ካስፋፉት አንዱ ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ ነው። በ1997 የለቀቀው ማሜ የአርኬድ ማሽኖችን ቺፖች አሠራር በሶፍትዌር ያስመስላል። ዋና ዓላማውም ማሽኖቹ ሲበላሹ ጌሞቹ አብረው እንዳይጠፉ ነው፤ ጨዋታው ተከትሎ የመጣ ነው።