የእጅ ዲጂታል አጀንዳ

የእጅ ዲጂታል አጀንዳ (ዲጂታል ዳየሪ ወይም በአህጽሮት ፒዲኤ) የስልክ ቁጥሮችን፣ ቀጠሮዎችን፣ የሥራ ዝርዝርንና አጫጭር ማስታወሻዎችን ለመያዝ የተሠራ፣ በመዳፍ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ሥራው በኢትዮጵያ «አጀንዳ» ከሚባለው የወረቀት ደብተር ጋር አንድ ነው። ራሱን የቻለ መሣሪያ ሆኖ በብዛት ይሸጥ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ዛሬ ቦታውን ስማርት ስልክና ታብሌት ወስደውታል።

መሣሪያው ቢለወጥም ሁለት ጥያቄዎች አልተለወጡም፦ የትኛው መሣሪያ ለባለቤቱ ይስማማል? በአሮጌው ላይ ያለው መረጃስ ሳይጎድልና ሳይዛባ ወደ አዲሱ እንዴት ይዛወራል? በኢትዮጵያ መልሱን የሚወስኑት የመሣሪያው ዋጋና ፍጥነት ብቻ አይደሉም፤ ፊደል፣ የሰው ስም አጻጻፍ፣ የዘመንና የሰዓት አቆጣጠርም ናቸው። በአዋሽ ሸለቆ መስመር ላይ ያሉት የአፋር ክልል ከተሞች አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ፤ በእነዚህ ከተሞች ሁለት ፊደል፣ ሦስት የዘመን አቆጣጠርና ከባድ ሙቀት በአንድ ላይ ይገናኛሉ።

ታሪክ

ከመጀመሪያዎቹ የእጅ ዲጂታል አጀንዳዎች አንዱ ሳይዮን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ያቀረበው ኦርጋናይዘር ነው። ካሲዮና ሻርፕም ካልኩሌተር የሚመስሉ፣ ትናንሽ ቁልፎች ያሏቸው ዲጂታል ዳየሪዎችን ሠርተዋል። ፒዲኤ የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቀው የአፕል ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ጆን ስከሊ ነው። የአፕል ኒውተን በ1993 ለሽያጭ ቀርቦ በ1998 ምርቱ ቆመ።

ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓልም ፓይሎት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ሜሞሪ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ የሚሠራውም በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነው። ተጠቃሚው በእስክሪብቶ መሰል ዘንግ የሚጽፋቸውን ግራፊቲ የተባሉ ቀለል ያሉ የላቲን ፊደላት ይለያል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሆትሲንክ የተባለው የማመሳሰያ ዘዴ ነበር፦ መሣሪያው ማስቀመጫው ላይ ገብቶ አንድ ቁልፍ ሲጫን፣ በእጅ ያለው መረጃና በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ያለው ቅጂ እኩል ይሆናሉ። ይህ አስፈላጊ የነበረው የፓልም ሜሞሪ ያለ ኤሌክትሪክ መረጃ ስለማይዝ ነው። ባትሪው አልቆ ሳይተካ ከቆየ ሁሉም ይጠፋል፤ የሚተርፈው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቅጂ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን፣ በ2008 ደግሞ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ከወጡ በኋላ አጀንዳውና ስልኩ አንድ ሆኑ። በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ሲሆን፣ ለብዙ ሰው ዲጂታል አጀንዳ የደረሰው በዚሁ በስልክ በኩል ነው።

የአመራረጥ መስፈርቶች

ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ መፈተሽ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ መሣሪያው አማርኛን ማሳየቱ፣ በአማርኛ ማስጻፉና በአማርኛ መፈለጉ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «ሐሰን» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ሀሰን» ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ ለሰው ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለመሣሪያው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ።

አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በአጻጻፉ «ኪው» የተባለው የላቲን ፊደል የዐይንን ድምፅ ይወክላል፤ ስለዚህ ዓሊ የሚለው ስም በአፋርኛ በ«ኪው» ሲጀምር በእንግሊዝኛ ልማድ በ«ኤ» ይጀምራል። ሰመራ ውስጥ የአንድ ሰው ስም በአማርኛ፣ በአፋርኛና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው በጣም ቀላል ነው፦ አንድ አጻጻፍ መርጦ ሁልጊዜ በእርሱ መመዝገብ።

ስም

አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ኅብረተሰብ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሰው መጠሪያ የራሱ ስም ሲሆን የአባትና የአያት ስም ይከተሉታል። ዝርዝሩ «በመጨረሻ ስም» እንዲደረደር ከተተወ ሰውየው በአባቱ ስም ሥር ይገባል፤ ስለዚህ ቅንብሩን ወደ «መጀመሪያ ስም» መቀየር ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ስም የብዙ ሰው በሆነበት ሥራን ወይም ቦታን መጨመር የተለመደ ነው፤ «መሐመድ ጋራዥ ሎጊያ» እንደሚባለው።

ዘመን አቆጣጠር

የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወራት አሉት፤ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። የመሣሪያዎች ካሌንደር ግን በውስጡ የሚሠራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። «5/7/2016» ተብሎ የተሰጠ ቀጠሮ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2024 ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ የተቀበለ መሣሪያ ግን እንደ ቅንብሩ ሜይ 7 ወይም ጁላይ 5 ቀን 2016 አድርጎ ያነበዋል፤ ቀጠሮው ገና ሳይደርስ ካለፈ ዓመታት እንደሆነው ይቆጠራል።

በየዓመቱ የሚደጋገሙ ቀናትም ይንሸራተታሉ። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ሲሆን ብዙ ጊዜ በጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን በጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። «በየዓመቱ ጃንዋሪ 19» ተብሎ የተመዘገበ ማስታወሻ ስለዚህ በ4 ዓመት አንዴ አንድ ቀን ይቀድማል። የአፋር ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ የሂጅራ አቆጣጠርም ይፈለጋል፤ ዒድ አል-ፈጥርና ዓረፋ በጎርጎርዮሳዊው ካሌንደር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ። የካሌንደር ፋይሎች ከጎርጎርዮሳዊ ውጭ ባለ አቆጣጠር የሚደጋገም ቀጠሮ እንዲይዙ የሚያስችል ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል፤ ሁሉም መተግበሪያ ግን አይከተለውም። ከመምረጥ በፊት አንድ የበዓል ቀን መዝግቦ የቀጣዮቹን 4 ዓመታት ውጤት ማየት በቂ ፈተና ነው።

ሰዓት

በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ ከመሣሪያው በ6 ሰዓት ይለያል። ከአዋሽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ በመሣሪያው አቆጣጠር 5፡00 ነው። ተጓዡ አላርሙን በ11፡00 ከሞላው የሚጮኸው ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። የቀን መለወጫም ይለያል፦ መሣሪያው አዲስ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» የተባለ ጉዞ ስለዚህ በማክሰኞ 3፡00 እንጂ በሰኞ አይመዘገብም። የሰዓት ቀጠናውን በመለወጥ ልዩነቱን ለማስተካከል መሞከር አይመከርም፤ ከሌላ የሚመጡ ቀጠሮዎችን ሁሉ ያዛባል።

ሙቀትና ኃይል

ሰመራ በሞቃታማዎቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የምትሞቅ ከተማ ናት፤ አዋሽም ቆላ ነው። ብዙ የስልክ አምራቾች ደግሞ መሣሪያቸው እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ስልክ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ትልቅ ባትሪ፣ በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ ስክሪንና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማስታወሻ ከካሜራ ጥራት ሊቀድሙ ይችላሉ።

መረጃ ማዛወር

ከወረቀት

የደብተር ቁጥሮች ሲገለበጡ ዕድሜያቸው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ የስልክ ቁጥር አሰጣጥ ተቀይሮ በዜሮ የሚጀምር ባለ 10 አሃዝ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ አጫጭር ቁጥሮች እንዳሉ አይሠሩም። አዳዲሶቹን በአገር ኮድ፣ በ+251 ጀምሮ መመዝገብ ይሻላል። ከአዋሽ በሚሌና በሰመራ አድርጎ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ የሚሻገር ሾፌር የጅቡቲ ሲም ሲያስገባ በ09 ወይም በ07 የተመዘገበ የኢትዮጵያ ቁጥር አይደውልለትም። የጅቡቲ ኮድ +253 ነው።

በሲም ካርድ

ሲም ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ስለሚዛወር ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ግን የሚይዘው ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም 250 ያህል ሰው ይይዛሉ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ከላቲኑ ሁለት እጥፍ ቦታ ስለሚወስድ ቶሎ ይቆረጣል፤ አጭር መልእክት በላቲን 160 ምልክት ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ የሚይዘውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። «መሐመድ ጋራዥ ሎጊያ» ተቆርጦ «መሐመድ ጋ» ከሆነ ከሌሎቹ መሐመዶች አይለይም። ሲሙ ሲጠፋም በምትኩ የሚሰጠው ካርድ ቁጥሩን እንጂ በአሮጌው ላይ የነበረውን የስም ዝርዝር አይመልስም።

በፋይል

ቪካርድ የተባለው የኮንታክት ፋይል ስምን፣ በርካታ ቁጥሮችን፣ አድራሻንና ማስታወሻን በአንድ ላይ ይይዛል። በብሉቱዝ፣ በሜሞሪ ካርድ ወይም በቴሌግራም ሊላክ ይችላል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አሮጌዎቹ ስልኮች የሚያወጡት 2.1 የተባለው እትም የፊደሉን ኮድ በግልጽ ካልጠቀሰ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 4.0 እትም ዩኒኮድን ግዴታ አድርጓል።

በአካውንት

የጉግል ወይም የአፕል አካውንት መረጃውን ከመሣሪያው ውጭ ያስቀምጣል፤ ስልኩ ቢሰረቅም ይመለሳል። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ማመሳሰል ቅጂ አይደለም፤ በአንዱ ላይ በስህተት የተሰረዘ በሌላውም ይሰረዛል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው አካውንቱን የሚከፍትለት ስልኩን የሸጠለት ወይም የጠገነለት ባለሙያ ስለሆነ የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ስልኩ በጠፋ ዕለት ዝርዝሩ በአካውንቱ ውስጥ እያለ ባለቤቱ ሊደርስበት አይችልም።

ማረጋገጥ

አሮጌው መሣሪያ ከመጥፋቱ ወይም ከመሸጡ በፊት የሚከተሉት ይፈተሻሉ፦

1. በአሮጌውና በአዲሱ ላይ ያለው የሰው ብዛት እኩል መሆኑ፤
2. በአማርኛ የተጻፉ ረጃጅም ስሞች ሳይቆረጡ መምጣታቸው፤
3. አንድ የታወቀ ቀጠሮ በትክክለኛው ቀንና ሰዓት መቀመጡ፤
4. ኢንተርኔት ተዘግቶም ዝርዝሩ መከፈቱ፤
5. ሌላ ቅጂ ከስልኩ ውጭ፣ በኮምፒውተር ወይም በሜሞሪ ካርድ መኖሩ።

በመስክ ሥራ

የእጅ መሣሪያ በኢትዮጵያ ለመንግሥት መረጃ አሰባሰብም ውሏል። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቆች የተሞሉት በታብሌት ነው። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180,000 የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ግን ተደጋግሞ ተራዝሟል። እንደ አፋር አርብቶ አደር በሰፊ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስን ሕዝብ በሚመዘግብ ሥራ፣ መሣሪያው ኔትወርክ በሌለበት መረጃውን መያዝና ኔትወርክ ሲገኝ መላክ መቻል አለበት። ሠራተኛው እስኪልክ ድረስ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ

አጀንዳ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሌሎች ሰዎች ስም፣ ቁጥርና አንዳንዴም ምስጢር ይይዛል። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (እ.ኤ.አ. 2024) የሰውን መረጃ የሚሰበስቡና የሚያስኬዱ አካላትን ግዴታ ደንግጓል። በግለሰብ ደረጃ ጥንቃቄው ሦስት ነው፦ ስክሪኑን በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ የባንክና የቴሌብር ምስጢር ቁጥርን በማስታወሻ ውስጥ አለመጻፍ፣ መሣሪያው ከመሸጡ በፊት ከአካውንት ወጥቶ ሁሉንም መደምሰስ። ሲም ካርዱና ሜሞሪ ካርዱ በዚህ ስለማይደመሰሱ በእጅ መውጣት አለባቸው።